ሃይላንዱ በኪሎ ስንት ነው? የውዳቂ ዕቃ ገበያ ከድሬዳዋ ሲታይ

ቁራሌው በር ላይ ቆሟል። ባለፈው ወር ባዶ የውሃ ጠርሙስ በኪሎ 12 ብር ገዝቶ ነበር እንበል፤ ዛሬ ደግሞ 2 ብር ከ40 ነው የምከፍለው ይላል። «አቦ፣ ያው ሃይላንድ አይደል እንዴ?» ይሉታል የቤቱ እመቤት። እውነታቸውን ነው፤ ጠርሙሱ ያው ነው፣ ማዳበሪያ ከረጢቱም ያው ነው። ሰውየውም ግን ላያጭበረብር ይችላል። ዋጋው የተሰበረው በድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ቀፊራ ወይም ሳቢያን ውስጥ ሳይሆን ጠርሙሱን አቅልጦ በሚሠራው ፋብሪካ በር ላይ፣ ከዚያም በፊት በነዳጅና በዶላር ገበያ ነው።

ይህ ጽሑፍ ያ ዋጋ ከላይ ተነስቶ እስከ ቤት በር ድረስ እንዴት እንደሚወርድ፣ በየመንገዱ ምን እንደሚቀነስበት፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የትኛው ቅናሽ ሊዳን እንደሚችል ያስረዳል። በስሌቶቹ ውስጥ ያሉት የብር አኃዞች ለማስረጃ የተወሰዱ ምሳሌዎች እንጂ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንባቢው የሰማውን ዋጋ ተክቶ ቢያሰላው መንገዱ ያው ነው።

ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው?

ቲማቲም ሲሸጥ ገበሬው ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ ውሃውንና ጉልበቱን አስቦ ትርፉን ይጨምርበታል። ውዳቂ ዕቃ እንዲህ አይደለም። ባዶ ጠርሙስ እንዲሸጥ ብሎ ያመረተው ሰው የለም፤ ውሃው ተጠጥቶ የተረፈ ነው። ስለዚህ ወጪ ተደምሮ ዋጋ አይወጣለትም። መጨረሻ ላይ ያለው ገዢ «ይህን ያህል እከፍላለሁ» ይላል፤ ከዚያ ላይ ማጓጓዣው፣ ማሰሪያው፣ ለቀማው፣ ብክነቱ፣ የየመካከለኛው ትርፍ ይቀነሳል፤ የተረፈው የቤቱ ዋጋ ይሆናል።

ሐረርጌ ላይ ይህን ዓይነት ሂሳብ የማያውቅ የለም። የአወዳይ ጫት ነጋዴ ጠዋት ለገበሬው ስንት እንደሚከፍል የሚወስነው ጅቡቲና ሐርጌሳ ስንት እንደሚሸጥለት አስቦ፣ የመኪናውንና የቀረጡን ቀንሶ ነው። ልዩነቱ ጫት በማግስቱ ይጠወልጋልና ዛሬውኑ መሸጥ አለበት፤ ጠርሙስ ግን ዋጋ እስኪመለስ ሊጠብቅ ይችላል። መጠበቁ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው፤ መጋዘን ይሞላል፣ ብር ይታሰራል።

ሰንሰለቱ አብዛኛውን ጊዜ አራት እጅ አለው። መጀመሪያ ለቃሚው ወይም ቤተሰቡ፤ ቀጥሎ በጋሪ ወይም በጀርባው የሚዞረው ቁራሌ፤ ከዚያ መጋዘንና ሚዛን ያለው ተረካቢ፤ መጨረሻ ላይ ፋብሪካው። ብዙ ጊዜ ተረካቢው ለቁራሌው ጠዋት መግዣ ብር ያበድረዋል፤ ቁራሌውም ማታ የሰበሰበውን ለሌላ ሳይሆን ለእሱ ያስረክባል። ቁራሌው የሚጠራው ዋጋ እንግዲህ ተረካቢው ጠዋት የነገረው ነው።

ከ40 ብር ውስጥ ለቤቱ ስንት ይደርሳል?

አንድ ፋብሪካ ንጹሕ፣ የተለየና በማሽን ተጨምቆ የታሰረ ጠርሙስ በኪሎ 40 ብር ይረከባል እንበል። ድሬዳዋ ያለው ተረካቢ ከዚህ ላይ ለማጓጓዣ 6 ብር፣ ለመጭመቅና ለማሰር 4 ብር፣ ለሚለዩ ሠራተኞች 3 ብር፣ ለመጋዘን ኪራይና ለታሰረ ገንዘብ 2 ብር፣ ለራሱ ትርፍ 3 ብር ያወጣል። ድምሩ 18 ነው። 22 ብር ይቀራል።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። ተረካቢው ከቁራሌው የሚገዛው ሁሉ ፋብሪካው የሚቀበለው አይደለም። ውስጡ የቀረ ውሃ፣ አሸዋ፣ ክዳን፣ የዘይት ጠርሙስ፣ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ አለበት። ከመቶው 20 እጅ ይወገዳል ብንል ከእያንዳንዱ ኪሎ የሚሸጠው 800 ግራም ብቻ ነው። 22 ብር በ0.8 ሲባዛ 17 ብር ከ60 ይሆናል። ተረካቢው ለቁራሌው ሊከፍል የሚችለው ይህንን ነው። ቁራሌው ለቀን ጉልበቱና ለጋሪው 5 ብር ከ60 ቢያስቀር ቤቱ በር ላይ የሚደርሰው 12 ብር ነው።

አሁን ፋብሪካው ዋጋውን ከ40 ወደ 28 ቢያወርደውስ? መኪናው አልረከሰም፣ ሠራተኛው አልረከሰም፣ 18ቱ ብር እንዳለ ነው። ስለዚህ 10 ብር ይቀራል፤ በ0.8 ሲባዛ 8 ብር፤ የቁራሌው 5 ብር ከ60 ሲወጣ 2 ብር ከ40። ፋብሪካው ላይ ዋጋው በ30 በመቶ ሲወርድ ቤቱ በር ላይ በ80 በመቶ ወረደ። የእመቤቲቱ ቁጣና የቁራሌው እውነት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ከዚህም ዝቅ ካለ ቁራሌው ዋጋ አይጠራም፤ «አንገዛም» ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። 10 ቶን ንጹሕ ጭነት ለማግኘት ተረካቢው 12 ቶን ተኩል መግዛት አለበት፤ በ17 ብር ከ60 ይህ 220,000 ብር ነው። ጠርሙሱ እስኪጠራቀም፣ እስኪጫን፣ ፋብሪካውም እስኪከፍል ድረስ ያ ገንዘብ ተቀብሮ ይቆያል። የሚጠብቀው ትርፍ 30,000 ብር ብቻ ነው። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ሳለ ዋጋው በኪሎ 3 ብር ቢወርድ ትርፉ ጠፋ፤ 5 ብር ቢወርድ ከኪሱ ይጨምራል። ዋጋ እየወረደ ባለበት ወር መግዛት ማቆሙ ጥንቃቄ ነው፤ ለለቃሚው ግን በዚያ ቀን እራቱ ላይ ይደርሳል።

ለቃሚውን በቁጥር ማየት ይገባል። ክዳኑ የወጣለት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ክብደቱ 12 ግራም አካባቢ ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ80 በላይ ጠርሙስ ያስፈልጋል። በ12 ብር ሂሳብ አንዱ ጠርሙስ 15 ሳንቲም ያህል ነው። 10 ኪሎ ያመጣ ሰው ከ800 ጊዜ በላይ ጎንበስ ብሎ ቀና ብሏል፤ ያውም በድሬ ፀሐይ።

አየር ጭኖ መሄድ ምን ማለት ነው?

ድሬዳዋን የሚጎዳት ትልቁ ነገር ርቀት ነው ይባላል። ርቀቱ ብቻውን ግን ያን ያህል አይጎዳም። የሚጎዳው ሳይጨመቅ መጫን ነው።

ሳይረገጥ የተጠራቀመ ባዶ ጠርሙስ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 25 ኪሎ ገደማ ብቻ ይሆናል። የቀረው አየር ነው። 10 ቶን የመጫን አቅምና 40 ሜትር ኩብ ስፋት ያለው መኪና እስከ አፉ ቢሞላ የያዘው 1,000 ኪሎ ነው። የመኪናው ኪራይ 60,000 ብር ቢሆን እያንዳንዱ ኪሎ 60 ብር መጓጓዣ ወጣበት ማለት ነው፤ ፋብሪካው ከሚከፍለው 40 ብር በላይ። ጠርሙሱ በነጻ ቢሰጥ እንኳ ያከስራል።

ያው ጠርሙስ በማሽን ተጨምቆ ሲታሰር በሜትር ኩብ 250 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሆናል። መኪናው 10,000 ኪሎ ይጭናል፤ መጓጓዣው ወደ 6 ብር ይወርዳል። መንገዱ አላጠረም፣ ናፍጣውም አልረከሰም፤ አየሩ ብቻ ወጣ። በእግር መርገጥም የራሱ ጥቅም አለው፤ ከቤት እስከ መጋዘን ያለውን የጋሪ ምልልስ በግማሽ ይቀንሳል። ለረጅሙ መንገድ ግን ማሽን ካልሆነ አይሆንም።

መጭመቂያ ማሽኑ ራሱ ብዙ ያስቸግራል። ክዳኑ የተዘጋ ጠርሙስ አየሩን አፍኖ ይይዛል፤ ማሽኑ ሲጫነው ወይ ይፈነዳል ወይ ተመልሶ ይነፋል፤ የታሰረው ጥቅል ሽቦውን በጥሶ መንገድ ላይ ይበተናል። መብራት ሲቋረጥ ያልታሰረው ዕቃ መጋዘኑን ይሞላል፤ ተረካቢውም ቦታ ስለሌለው መግዛት ያቆማል። ደጅ የተከመረው ደግሞ የፀሐይ ጉዳት ያገኘዋል። ፕላስቲክ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ ቀለሙ ይለወጣል። ድሬዳዋ ላይ ጥላ የሌለው መጋዘን በየወሩ ዋጋ ያጣል።

መኪናው ራሱ ባዶውን የሚመለስ ሲሆን ነገሩ ይቀላል። ከአዳማና ከአዲስ አበባ በኩል ሸቀጥ ይዞ የመጣ መኪና ሲመለስ የሚጭነው ካላገኘ ባዶውን ከመሄድ በረከሰ ዋጋ ይስማማል። ልምድ ያለው ተረካቢ ከደላላና ከሾፌሮች ጋር የሚወዳጀው ለዚህ ነው። በሌላው አቅጣጫም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ከምትልከው ይልቅ የምታስገባው እጅግ ስለሚበልጥ ብዙ ኮንቴይነር ወደ ጅቡቲ ባዶውን ይመለሳል። ድሬዳዋ ደግሞ በባቡሩ መስመር ላይ፣ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለወደቡ ቀርባ የተቀመጠች ከተማ ናት። ታጥቦና ተፈጭቶ የተዘጋጀ ፕላስቲክ ወደ ውጭ የሚሸጥ ከሆነ ለፋብሪካው የራቀው ቦታ ለገዢው የቀረበ ይሆናል። ለዚህ ግን ዕቃው ንጹሕና የአንድ ዓይነት መሆን አለበት። ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአደገኛ ውዳቂን ዝውውር በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የባዝል ስምምነት መሠረት የተደባለቀና የቆሸሸ የፕላስቲክ ውዳቂ ድንበር የሚሻገረው ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ንጹሕና ቆሻሻ፣ ልዩነቱ ስንት ብር ነው?

ከላይ ወዳለው ስሌት እንመለስ። ብክነቱ ከ20 በመቶ ወደ 5 ቢወርድ ተረካቢው ሊከፍል የሚችለው ከ17 ብር ከ60 ወደ 20 ብር ከ90 ይወጣል። ጭማሪው 3 ብር ከ30 ነው። መጓጓዣው በግማሽ ቢቀንስ እንኳ የሚጨመረው 2 ብር ከ40 ብቻ ነበር። በሌላ አነጋገር ጠርሙሱን ከቤት ሳይወጣ መለየት መንገዱን በግማሽ ከማሳጠር ይበልጣል። ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር ሁሉም ስለ ርቀትና ስለ መኪና ያወራል፤ ስለ ክዳንና ስለ ዘይት የሚናገር ጥቂት ነው። ገንዘቡ ግን እዚያ ነው ያለው።

አንድ ጠርሙስ እጅ ላይ ይዘን እንየው። ገላው «ፒኢቲ» ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ታቹ ላይ በሦስት ቀስቶች መካከል 1 ቁጥር ተጽፎበታል። ክዳኑ የሌላ ቤተሰብ ነው፤ 2 ወይም 5 ቁጥር። ሁለቱን ለመለየት ባልዲ ውሃ ይበቃል። ተቆርጠው ሲጨመሩ ገላው ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ፋብሪካዎችም የሚለዩት በዚሁ መንገድ፣ በትልቅ ገንዳ ነው። ስለዚህ ክዳን መኖሩ ፋብሪካውን ያን ያህል አያስቸግረውም፤ የሚያስቸግረው መዘጋቱ ነው፤ አየር ያፍናል፣ የውስጡን ውሃ ያፍናል። ክዳኑ ለብቻው ሲጠራቀም ደግሞ የራሱ ገዢ አለው።

ወዳጅ መስሎ የሚገባው ጠላት «ፒቪሲ» ነው፤ 3 ቁጥር። የውሃ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ፣ አንዳንድ የክዳን መጠቅለያ ላስቲክ ከእሱ ነው የሚሠራው። እንደ ጠርሙሱ ገላ ውሃ ውስጥ ይሰምጣልና በገንዳ አይለይም። ጠርሙሱ የሚቀልጠው ከ250 ዲግሪ በላይ ነው፤ በዚያ ሙቀት ፒቪሲ ያርራል፣ አሲድ ይለቃል፣ የቀለጠውን ሁሉ ያጠቁረዋል። በ10 ቶን ውስጥ አንድ ኪሎ መግባቱ እንኳ ጥራቱን ሊያበላሽ ይችላል። ፋብሪካው አንድ ጥቅል ቆርጦ ካገኘበት የዚያን ሰው ሙሉ ጭነት ዝቅ ባለ ዋጋ ይረከባል፤ አለዚያም ይመልሰዋል።

የምግብ ዘይት ጠርሙስም ብዙ ጊዜ 1 ቁጥር ነው፤ ግን ዘይቱ ሌሎቹን ይቀባል፤ በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም፣ አሸዋም ይሰበስባል። ለብቻው ይቀመጥ። ቀለምም ዋጋ ይለያል። ቀለም የሌለው ነጩ የፈለጉትን ቀለም ስለሚቀበል ይወደዳል፤ አረንጓዴው ግን ተመልሶ ነጭ መሆን አይችልም።

ሚዛን እንዲደፋ ውሃ የሚጨምሩ፣ አሸዋ የሚከቱ አሉ። ለአንድ ቀን ይጠቅማል። ተረካቢው ግን ሁለት ጊዜ ከተታለለ በሁሉም ላይ የብክነት ቅናሹን ከፍ ያደርጋል፤ ንጹሕ ያመጣውም ቆሻሻ እንዳመጣው ይከፈለዋል። ታማኙ ለቃሚ ከሌሎች ተለይቶ ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠይቅበት መንገድ ካልተበጀለት ነገ እሱም ማጠቡን ይተዋል።

ነዳጅና ዶላር ምን አገናኛቸው?

አዲስ ፕላስቲክ የሚሠራው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ፋብሪካው ሁለት ምርጫ አለው፤ አዲስ ጥሬ ዕቃ ከውጭ ማስገባት ወይም ያገለገለውን መግዛት። ያገለገለው ጥራቱ ዝቅ ስለሚል ከአዲሱ መርከስ አለበት። ነዳጅ ሲረክስ አዲሱ ይረክሳል፤ ያገለገለውም ተጎትቶ ይወርዳል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ የወደፊት ሽያጭ ዋጋ ለአንድ ቀን ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር። በዚያ ጊዜ ያገለገለ ፕላስቲክ የሚገዙ ፋብሪካዎች በብዙ አገር ተቸግረዋል።

ዶላር በተቃራኒው ይሠራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ጥሬ ዕቃ በብር ሲቆጠር በእጥፍ ገደማ ተወደደ። የውጭው ዕቃ ሲወደድ የአገር ውስጥ ውዳቂ ሊደርስበት የሚችለው የዋጋ ጣሪያ ከፍ ይላል። ጣሪያው ከፍ አለ ማለት ግን ለቃሚው እጅ ደረሰ ማለት አይደለም፤ መኪናውም መለዋወጫውም በዚያው ዶላር ተወደዋል። ከላይ ያለው 18 ብርም አብሮ ያድጋል።

ቻይናም አለች። ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል ከዓለም የፕላስቲክ ውዳቂ ንግድ ግማሽ ያህሉን ስትቀበል ኖራ ከ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በሯን ዘጋች። የዓለም ዋጋ የተሰበረው ዕቃው ስለበዛ ሳይሆን ዋናው ገዢ ስለወጣ ነው። አንድ ገዢ ብቻ ያለው ገበያ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ለድሬዳዋም ያው ነው።

ብረትና መዳብ ለምን ሁልጊዜ ገዢ አላቸው?

ብረት ከባድ ነው፤ አየር አይጫንም። 10 ቶን የሞተር ብሎክ ከመኪናው ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ ያበቃል። ከዚያም በላይ ብረት ሲቀልጥ ተመልሶ ብረት ይሆናል፤ እንደ ፕላስቲክ በየዙሩ አይደክምም። የፌሮ ፋብሪካ ከውዳቂ ሲሠራ ከማዕድን ከመሥራት እጅግ ያነሰ ኃይል ይፈጃል። አሉሚኒየም ላይ ደግሞ ቁጠባው 95 በመቶ ይደርሳል። የአሉሚኒየም ዋጋ ጠንካራ የሆነበት ምስጢር ይህ ነው፤ ቁራሌው ድስቱን ሲገዛ በውስጡ ያለፈውን መብራት እየገዛ ነው።

ሁሉም ብረት ግን እኩል አይደለም። ወፍራሙ ይወደዳል። የዛገ የጣሪያ ቆርቆሮ ስስ ነው፤ ምድጃ ውስጥ ብዙው ተቃጥሎ ዝቃጭ ይሆናል፣ የተለበጠበት ዚንክም ይተናል። በኪሎ ዝቅ ብሎ የሚገዛው ለዚህ ነው። ማግኔት ኪስ ውስጥ የያዘ ቁራሌ ስሌቱን ያውቃል። የሚይዘው ብረት ነው፤ የማይዘው አሉሚኒየም፣ መዳብ፣ ነሐስ ወይም አንዳንዱ የማይዝግ ብረት ሊሆን ይችላል። ማግኔት የማይዘው፣ ቢጫ ቀለም የተነከረ ሌላ ማዕድን ነሐስ መስሎ እንዳያታልል በሞረድ ፋቅ አድርጎ ያያል።

እዚህ ላይ ሁለት አደጋ አለ፤ ሁለቱም የሚመጡት ከዋጋው ነው።

አንደኛው ሽቦ ማቃጠል ነው። መዳቡን ለማውጣት ልባሱን በቢላ መላጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ማቃጠል ደቂቃ ነው። ግን ልባሱ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ነው፤ ጭሱ ሳንባ የሚያቃጥል አሲድና ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይዟል። ሰውየው በገንዘብም ይጎዳል፤ የተቃጠለ መዳብ ይጠቁራል፣ ይሰባበራል፣ ከተላጠው ዝቅ ባለ ደረጃ ይሸጣል። ወፍራሙን ሽቦ መላጥ በሁሉም በኩል ያዋጣል።

ሁለተኛው የመኪና ባትሪ ነው። ክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ 15 ኪሎ ከሚመዝን ባትሪ 9 ኪሎ ገደማ ይወጣል። ገዢው «ውሃው ይደፋ» ሲል የሚደፋው ውሃ ሳይሆን ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ እርሳስም ይዞ ይወርዳል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ግቢ ውስጥ በከሰል ማቅለጥ ይቻላል፤ መርዛማነቱ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። አቧራው ሕፃናት በሚጫወቱበት አፈር ላይ ይቀራል፤ የልጅ አእምሮ እድገት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። ባትሪ ሳይከፈት፣ ሳይደፋ፣ ቆሞ ተጭኖ መሸጥ አለበት። አሉሚኒየም አቅልጠው ድስት የሚሠሩም ራዲያተር፣ ብየዳ ያለበት ቁራጭና የባትሪ ክፍል ወደ ማቅለጫው እንዳይገባ መጠንቀቅ አለባቸው። ከዚያ የገባ እርሳስ ወጥ ውስጥ ይወጣል።

የመዳብና የብረት ዋጋ ሲንር የመብራት ሽቦ፣ የጉድጓድ ክዳን፣ የምሰሶ ብረት መጥፋት ይበዛል። ከማን እንደገዛ የሚመዘግብ ተረካቢ ራሱንም ከተማውንም ይጠብቃል።

ፌስታል ለምን ገዢ አጣ?

የፌስታልን ሂሳብ ለመሥራት ወረቀት አያስፈልግም። ስሱ ፌስታል ጥቂት ግራም ነው፤ ለአንድ ኪሎ በመቶዎች የሚቆጠር መልቀም ያሻል። ጫት፣ ሥጋ፣ አትክልት ስለተያዘበት እርጥብና ቆሻሻ ነው፤ አሸዋ ይይዛል። ለማጠብ የሚወጣው ውሃና ጉልበት ከሚገኘው ፕላስቲክ ይበልጣል፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ውሃ ርካሽ አይደለም። ከላይ ያለውን ቅነሳ ብንሠራበት ቤቱ በር ላይ የሚደርሰው ከዜሮ በታች ነው። ስለዚህ ለቃሚው ጠርሙሱን አንስቶ ፌስታሉን ይተወዋል። አጥር ላይ ይንጠለጠላል፣ ፍየል ይበላዋል፣ የቀረው ከተማዋን በሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ውሃው እስኪሞላ ይጠብቃል። ደቻቱ እንዴት እንደሚሞላ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ያጣች ከተማ ታውቃለች።

ሕግ የሚገባው ገበያ በማይደርስበት ቦታ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን የማይበሰብስ ፌስታል ለማምረትም ለማስገባትም ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ወፍራሙ ለምን ተተወ ቢባል አንዱ ምክንያት ሊለቀምና ደግሞ ሊያገለግል መቻሉ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ከነጭራሹ የሚከለክል ነው።

በተቃራኒው ጫፍ የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ አለ። ብርጭቆ ሲሰበር ከባድና ርካሽ ነው፤ ብቻውን ቢሆን ማንም አያነሳውም ነበር። ግን ባዶው ሲመለስ የሚመለስ የመያዣ ገንዘብ ስላለው መንገድ ላይ ወድቆ አይታይም፤ ሳጥኑን ያመጣው መኪና ባዶውን ይመልሰዋል። ዋጋውን ገበያ ሳይሆን የመያዣው ውል ነው የያዘለት። የውሃ ጠርሙስም መያዣ ቢኖረው ኖሮ ከላይ የሠራነው ስሌት ሁሉ ይለወጥ ነበር።

ከመሸጥ በፊት ምን መጠየቅ ይሻላል?

መጀመሪያ ዕቃው ገና ዕቃ ነው ወይ? ያልተሰነጠቀ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጀሪካን ሆኖ ሲሸጥ በኪሎ ከሚመዘነው ፕላስቲክ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ያረጀ ጎማ በረባሶ ይሆናል፣ በርሜል ምድጃ ይሆናል። የሚነሳ ሞተር፣ የሚሠራ ማራገቢያ፣ ደህና መለዋወጫ ያለው ፍሪጅ በኪሎ አይሰጥም። ቁስ መሆን የመጨረሻው ማረፊያ ነው።

ካርቶን ከሆነ ደርቆ፣ ተዘርግቶ፣ ታስሮ ይቀመጥ። በክረምት ከሐረር በኩል እርጥብ ሆኖ የመጣ ካርቶን በድሬ ሙቀት ሁለት ቀን ውሎ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ተረካቢው ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ ይቀንስበታል። ዘይትና ወጥ የነካው ካርቶን ከንጹሑ ጋር ከተደባለቀ ሁሉንም ያረክሳል።

ካፌ፣ ሆቴል ወይም የሠርግ አዳራሽ ያለው ሰው ከሁሉ የተሻለ የመደራደር አቅም አለው፤ ዕቃው በአንድ ቦታ፣ በብዛትና ሳይቆሽሽ ይገኛልና። ክዳኑን አውጥቶ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ ረግጦ፣ ዘይት ያልነካውን ለብቻ በከረጢት ካስቀመጠ በአንድ ጊዜ ከ50 ኪሎ በላይ ሲሞላ በቀጥታ ተረካቢውን ጠርቶ የቁራሌውን ድርሻ መካፈል ይችላል። ጥቂት ቤቶች በአንድ ግቢ ቢያጠራቅሙም ያው ነው። ለቁራሌው የሚሸጥ ከሆነም ረግጦ መስጠቱ ለእሱ ምልልስ ይቀንስለታል፤ በዚያ ምክንያት ጥቂት ሳንቲም መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ ዋጋ ሲጠየቅ «በኪሎ ስንት?» ብቻ አይበቃም። «ከክዳኑ ነው ያለ ክዳኑ? ለውሃና ለአሸዋ ስንት ትቀንሳለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። 14 ብር ብሎ ከአሥር ኪሎ ላይ ሁለት የሚቀንስ ሰው የሚከፍለው 112 ብር ነው፤ 12 ብር ብሎ ምንም የማይቀንሰው 120።

ሚዛኑንም መፈተን ይቻላል። ያልተከፈተ ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ ከነጠርሙሱ 2 ኪሎና ጥቂት ግራም ይመዝናል። መጀመሪያ እሱ ይሰቀል። 2 ኪሎ ካልሞላ የቀረው ዕቃ ከመመዘኑ በፊት መርፌው ይስተካከል።